«ተቀመጡ» ያላልኋቸው ሽማግሌዎች

ቅዳሜ፣ ኅዳር ፲፩ ቀን ፲፱፻፺፯ ዓ.ም.፣ ሶዶ

ልብንና ኩላሊትን የምትመረምር፣ የትሑታን መጠጊያ የሆንህ አምላክ ሆይ፣ ዛሬ ልጄን በበዴሳ ከተማ ለሚሠራ ፖሊስ ለትዳር ሊጠይቁ የመጡት ሦስት ሽማግሌዎች እንደ ወጉ ቆመው ሲለምኑኝ፣ «ተቀመጡ» ማለትን ትቼ የፖሊሱን ደመወዝ በመጠየቄ፣ ፊቴን የምደብቅበት አጣሁ። ሲነግሩኝም፣ «የጠየቃት መሐንዲስ የዚህን ሦስት እጥፍ ያገኛል» ብዬ ሳቅሁ። ልጄ ከመጋረጃው ጀርባ ሆና ትሰማ ነበር።

በዕድሜ የሚበልጡት አቶ ዳና ምርኩዛቸውን ተደግፈው፣ «መምህር፣ ያኔ ለእርስዎም ሽማግሌ የሄድሁት እኔ ነኝ! አማትዎ ደመወዝ ጠይቀውኝ ቢሆን ኖሮ ይህች ልጅ መቼ ትወለድ ነበር?» አሉኝና ሁለቱን አስከትለው ወጡ።

እውነታቸውን ነው፤ ያኔ የነበረኝ አንድ ኮትና የኖራ ጠመኔ ብቻ ነበር።

ነገ አቶ ዳና ደጅ ሄጄ «ተመልሳችሁ መጥታችሁ ተቀመጡልኝ» እንድላቸው ድፍረት ስጠኝ።