ለጾም ቦታ የሌለው ቅጽ

መጋቢት 15፣ ሰኞ፣ ጠዋት 2፡30

ክኒን ዋጥኩ። ሽንት ደህና። ቅጹ ግን ጠረጴዛው ላይ ተገትሮ ያየኛል። መስከረም ላይ አ.አ. ሄጄ ካንሰር የያዘውን ፕሮስቴት እጢዬን ካስወጣሁ ወዲህ በየሦስት ወሩ ይሞላል። አምስት ጥያቄ፣ እያንዳንዱ ከአምስት። ባለፉት አራት ሳምንታት ስንት ጊዜ ሞከሩ? ጠነከረ ወይ? እስከ መጨረሻው ቆየ ወይ? ኧረ በመድኃኔዓለም! በሁዳዴ?

ሚስቴ አስካለ ጾሙ ከገባ ጀምሮ የምትተኛው የልጆቹ ክፍል ነው። እኔ ደግሞ ጡረታ እስክወጣ ቀያሽ ነበርኩ። ከማርቆስ እስከ ሮብ ገበያ ሳልረግጠው ለክቻለሁ ብዬ የፈረምኩበት ማሳ የለም። አምስቱም ላይ ዜሮ ጻፍኩ። ጠርዙ ላይ፦ ጾም ነው። በቴሌግራም ላክሁት፣ ተገላገልኩ።

መጋቢት 18፣ ሐሙስ፣ ማምሻውን

አልተገላገልኩም። ከቅዳሴ ስወጣ ከሆስፒታሉ አንዲት ሲስተር ደወለች። ድምጿ የልጅ ልጄን ይመስላል። የእድሩ ሰው ሁሉ ዙሪያዬን ቆሟል። ዶ/ሩ ውጤቴን አይቶ ደንግጧል አለች። ጾም ነው አልኳት በሹክሹክታ። ቅጹ ላይ ለጾም ቦታ የለም፣ ዜሮ ዜሮ ነው አለች። የታኅሣሡስ? አለች። የነቢያት ጾም ነበራ! ከዚያ በፊትስ? ጽጌ። ጥር ላይስ? ጥር ላይ የሰው ሠርግ በዛብኝ። ወረቀት ስታገላብጥ ተሰማኝ። ከዚያ፣ "ጋሼ፣ ለመሆኑ እርስዎ መቼ ነው የሚፈስኩት?"

ዘጋሁባት። የእድሩ ዳኛ ምነው ላብ አጠመቀህ አሉኝ። የመሬት ጉዳይ ነው አልኩ። አይዞህ፣ ከንቲባውን እናናግርልሃለን አሉኝ።

መጋቢት 21፣ እሑድ፣ ረፋድ

ማስታወሻዬ፣ ለአንተ ልንገርህ፣ ለማን እናገራለሁ። ጾሙ አይደለም። ፈርቼ ነው። ጥር ላይ አስካለ አጠገቤ ነበረች፤ ሠርግ ደከመኝ ብዬ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዞርኩ። ሞክሬ እምቢ ቢለኝስ? ዶ/ሩ ነርቩ ተነክቷል፣ ሊመለስም ላይመለስም ይችላል ብሎኛል። እስካልሞከርኩ ድረስ "ሊመለስ ይችላል" የእኔ ነው።

ሚያዝያ 10፣ ስቅለት

ስግደት። ጉልበቴ ከጎረምሳ አላነሰም፣ እሱስ ደህና ነው። በመንገድ ቀን ቆጠርኩ። ከነገ ወዲያ ፋሲካ። ከዚያ እስከ ጰራቅሊጦስ ሃምሳ ቀን፤ ረቡዕና ዓርብ እንኳ አይጾምም። ሃምሳ! የት እገባለሁ? ወይ ጉዴ።

ሚያዝያ 13፣ ሰኞ፣ ከሰ. 9፡00

ዶሮውን በላን። አስካለ ትራሷን አላመጣችም። ስለት አለብኝ፣ እስከ ግንቦት መጨረሻ እጾማለሁ አለች፣ ዓይኗን ጣራው ላይ ተክላ። በሃምሳው ቀን! ቄስ የማያውቀው ጾም ከየት አመጣሽ ብዬ ጮህኩባት። እሷም ጮኸች። ጽጌንስ ለማን ብዬ የጾምኩ መሰለህ? አንተ እንዳታፍር ነው እንጂ! እውነቷን ነው። በአርባ ዓመት ትዳራችን ጽጌን ጾማ አታውቅም። እኔ ጅሉ፣ ጸሎተኛ ሆነችልኝ ብዬ ነበር።

ያኔ አፌ ተፈታ። ነገርኳት፣ ሁሉንም፣ ግድግዳውንም ፍርሃቱንም። አለቀስኩ መሰለኝ። ካንሰር ነው ሲሉን ያለቀስኩት ለአንተ ነው፣ እሱ ቢቀር ይቅር፣ አንተ ግን ጀርባህን አትስጠኝ አለች። ቀጥላም፣ ደሞ ሳይሞክሩ ማልቀስ ምን ይሉታል?

ነገ ለሲስተር እደውላለሁ። በጾም አላመካኝም። ፈርቼ ነው፣ መድኃኒት ካለ ስጡኝ እላለሁ።

አስካለ ትራሷን ይዛ ገባች። በጠራራ ፀሐይ! መጋረጃውን ዝጋው፣ እስክሪብቶህንም ጣል አለችኝ። እሺ፣ መጣ—