እግር ያወጣው ቅርጫት

ይድረስ ለምወድሽ ለታናሽ እህቴ፤

እንደምን ሰነበትሽ እታለም? ጉልበትሽስ እንዴት ነው፣ ደረጃ ስትወጪ አሁንም እንደ አሮጌ በር ሲጥ ሲጥ ይላል? ዓይንሽስ ይህን የዶሮ ጭረት የመሰለ ጽሕፈቴን ያነባል ወይስ ለምራትሽ ሰጥተሽ ታስነብቢያለሽ? የምታነበው እሷ ከሆነች እንደምን አለች በያት፤ ስለ እሷ ልጽፍ ያሰብኩትን ሐሜት ለዛሬ ትቼዋለሁ። ባለቤትሽስ ደህና ነው? በማንኮራፋቱ ጣሪያውን እስካላነሣው ድረስ ደህና ነው ብዬ እገምታለሁ።

እኔ ደህና ነኝ። ማለቴ፣ ደህና መሆን አለመሆኔን አላውቅም፤ የምጽፍልሽም ለዚሁ ነው። አፍ ሲያመልጥና ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባል የለ? ራሴ ከተመለጠ ቆይቷል። አሁን ደግሞ ውስጡ ያለው ማምለጥ ጀመረ እንዴ ብዬ ፈርቼ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከቤታችን ፊት ለፊት መናፈሻ አለ፤ ጠዋት ጠዋት ከጡረተኛው ልብስ ሰፊ ጋር አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠን የምንበሻሸቅበት። ከሁለት ወር በፊት ስንሄድ ስድስት የብረት ምሰሶ ተተክሎበት አገኘን። አናቱ ላይ ክብ ብረት፣ ከብረቱ ዙሪያ የተንጠለጠለ ሰንሰለት፣ ከሰንሰለቱ ሥር የሽቦ ቅርጫት፣ ግንባሩ ላይ ቁጥር። ልብስ ሰፊው "የወፍ መመገቢያ ነው" አለ። እኔም "ወፍ እስር ቤት ገብተህ ብላ ቢሉት እሺ የሚል ይመስልሃል? ልብስ ማስጫ ነው" አልኩት። "ስንት ዓመት ልብስ ሰፍቼ፣ ሸሚዝ በሰንሰለት ታስሮ ሲደርቅ አላየሁም" ብሎ ሳቀብኝ።

ያስረዳችን የልጅ ልጄ ናት። "አባባ፣ ዲስክ ጎልፍ የሚባል ጨዋታ ነው፤ ሜዳው አጭር ነው፣ የጀማሪ ነው፣ አንተም ትችላለህ" አለችኝ። የድስት ክዳን የመሰለ ክብ ፕላስቲክ ትወረውሪያለሽ፤ ሰንሰለቱን መትቶ ቅርጫቱ ውስጥ ሲወድቅ ወደሚቀጥለው ቁጥር ትሄጃለሽ። ስድስቱን ለመጨረስ እሷ ሃያ አንድ ጊዜ ወረወረች፣ እኔ ሃምሳ ስምንት ጊዜ። አሸነፍኩሽ ብዬ እጄን ሳነሣ በሣቅ ወደቀች። ለካ የሚያሸንፈው ትንሽ የወረወረው ነው! ዕድሜ ልኬን ሲመሰገን ያየሁት ብዙ ድንጋይ የደረደረ ነው፤ ይህ ሒሳብ እስካሁን አልገባኝም።

ግራ መጋባቴ እዚያ ላይ ቢያበቃ ደግ ነበር። ግንበኛ መቼም ሳይለካ አያድርም፤ ከወንበራችን እስከ ሦስተኛው ቅርጫት በእርምጃ ለክቼ አርባ ሁለት አግኝቼ ነበር። በሳምንቱ ብለካው ሃምሳ ሰባት። ተመልሼ ብለካው ያው ሃምሳ ሰባት። ልብስ ሰፊውን ብጠይቀው "እኔ መነጽሬን ካላደረግሁ አንተንም አላይህ፤ እግርህ አጥሮ ይሆናል" አለኝ። እኔ ሞኙ ምሳ ላይ ለልጄ ቅርጫቱ ሄደ ብዬ ነገርኳት። "የት ሄደ አባዬ?" አለችኝ። "ወደ ዛፉ" አልኳት። ማንኪያዋን አስቀመጠች። ባለፈው ክረምት ምድጃውን ሳላጠፋ ወጥቼ ስለነበር ከዚያ ወዲህ በዓይኗ ትከታተለኛለች፤ ብረት እግር አወጣ የሚል አባት ሲገኝ እንግዲህ ምን ታድርግ? የበሩን ቁልፍ "ለጊዜው ነው" ብላ ወሰደችብኝ፣ ብቻህን አትወጣም አለችኝ፣ ክሊኒክም ቀጠሮ ያዘችልኝ።

ነርሷ ቀኑን ጠየቀችኝ፣ ወረቀት ላይ የሰዓት ሥዕል አሳለችኝ፣ ከመቶ ላይ ሰባት ሰባት እያልኩ እንድቀንስ አደረገችኝ። ሁሉንም ተወጣሁት። ከዚያ ግንበኛ መሆኔን ሰምታ በእጅዎ የሠሩት የመጀመሪያ ቤት ምን ይመስላል አለችኝ። የአንቺን ቤት ነገርኳት፤ መሠረቱን በጥቁር ድንጋይ መጣሌን፣ ማዕዘኑ ላይ ግድግዳ የማቀናበት የቱንቢው ገመድ ተበጥሶ ብረቱ አውራ ጣቴን መምታቱን ሳይቀር። "ፊት ለፊቱ ስንት መስኮት አለው?" አለች። "ጎረቤት የባለቤቷን ማንኮራፋት እንዳይሰማ ሁሌም ዝግ ስለሆነ አይቆጠርም" አልኳት። ሳቀች፣ የሆነ ነገር ጻፈች፣ አለፈ።

ከልጅ ልጄ ጋር ብቻ እንድወጣ ተፈቀደልኝ። ቅዳሜ ዕለት በየቅርጫቱ ሥር ምሰሶውን አስነክቼ አንዳንድ ጡብ አስቀመጥኩ፤ ልብስ ሰፊውም መነጽሩን አድርጎ በዓይኑ አየ። ሰኞ ጠዋት ስንመለስ የሁለተኛውና የአምስተኛው ጡብ አለ፣ ቅርጫቱ የለም! ከጡቡ ርቆ ሄዶ ቆሟል። "አሁንስ እግሬ ነው ያጠረው?" አልኩት። መነጽሩን ሦስት ጊዜ ጠረገና "ክሊኒኩ ሁለት ሰው አብሮ ያያል?" አለኝ።

ይህን እያለ አራተኛውን ምሰሶ ከነቅርጫቱ በትከሻው የተሸከመ ሰው ብቅ አለ፤ የመናፈሻው አትክልተኛ ነው። ሣሩ በአንድ ቦታ ተረግጦ እንዳይሞት፣ ጀማሪዎቹም አንድ ቦታ ብቻ እንዳይለምዱ ለእያንዳንዱ ቅርጫት ሦስት ሦስት ቱቦ መሬት ውስጥ ቀብሯል። ሰኞ ሰኞ መቆለፊያውን ይፈታና ምሰሶውን ካንዱ ነቅሎ ሌላው ላይ ይሰካዋል፤ ባዶውን ቱቦ ይከድነዋል፣ ሣሩ ይደብቀዋል። "ጡብ የሚያስቀምጡት እርስዎ ነዎት? ማጨጃዬን ሊሰብሩብኝ ነው!" ብሎ ጮኸብኝ። እታለም፣ እንደዚያ ቀን ተቆጥተውኝ ደስ ብሎኝ አያውቅም። ምሰሶውን እንደተሸከመ ክንዱን ይዤ ቤት ወሰድኩትና ንገራት አልኩት። ልጄ በር ላይ ስታየን መጀመሪያ ሳቀች፣ ቀጥላ አለቀሰች፣ ከዚያ ቁልፉን ከመሳቢያ አውጥታ ኪሴ ውስጥ ከተተችልኝ።

እንግዲያማ ጉዱ ተፈታ ትዪኝ ይሆናል። የቅርጫቱስ ተፈታ። ግን ነርሷን ያሳቅኳት ስለማላውቀው ነበር። የመስኮቱን ቁጥር ማለቴ ነው። አንዳንዴ ሦስት ይመጣብኛል፣ አንዳንዴ አራት። ድንጋዩን አንድ በአንድ አስታውሰዋለሁ፤ መስኮቱ ጋ ስደርስ ግድግዳው ይሄድብኛል። እሱን ደግሞ ነቅሎ የሚተክል አትክልተኛ የለም። ለልጄ አልነገርኳትም፤ ቁልፌን እወዳለሁ። ይህን የምታነብልሽ ምራትሽ ከሆነች እሷም አፏን ትያዝልኝ፤ እኔም ሐሜቴን ይዤላታለሁ።

ባለቤትሽን በቀኝ ጎኑ ተኝቶ ይሞክር በይልኝ። ምራትሽን ሳሚልኝ፣ ልጆቿን ጉንጫቸውን ቆንጥጪልኝ። ልጄና የልጅ ልጄ ጉልበትሽን ይስማሉ። ልብስ ሰፊው አያውቅሽም፣ ግን ሰላም ብሎሻል።

ቤቱንም ሰላም በይልኝ። ግቢው መሃል ቁሚና ፊቱን አይተሽ መስኮቶቹን ቁጠሪልኝ፤ ሌላ ወሬ ሳትጨምሪ ቁጥሩን ብቻ ጻፊልኝ። እኔ አራት ብያለሁ። ሦስት ቢሆንም አልከፋም፤ በዚህ ጨዋታ የሚያሸንፈው ትንሹ ነው ተብያለሁ።

ወንድምሽ ግንበኛው

ከመናፈሻው አግዳሚ ወንበር፣ ለዚህ ሳምንት ከሦስተኛው ቅርጫት ሠላሳ ስምንት እርምጃ ላይ
ማክሰኞ፣ ግንቦት 19 ቀን