የታችኛውን ማሳ በመጨረሻ ይከረክሙ የነበሩት የእትዬ ቆይ የሕይወት ታሪክ

እኅታችን የዛሬ ሰባ አንድ ዓመት፣ በወይን ለቀማ ወር፣ ዛሬ አስከሬናቸው ከወጣበት ከዚያው ከተዳፋቱ ሥር ካለው ቤት ተወለዱ። አባታችን ወይን አልሚ፣ እናታችን ልብስ ሰፊ ነበሩ። እናታችንን ምጥ ሲይዛቸው አባታችን «ይህችን ቅርጫት ልሙላና» ብለው ዘገዩ። ሲመጡ ልጅቷ ተወልዳ፣ ታጥባ፣ ተጠቅልላ ጠበቀቻቸው። ሰው መጠበቅ የለመዱት እንግዲህ ከመጀመሪያው ቀን ነው።

ስማቸውን በመዝገብ ካልሆነ የሚያውቅ ጥቂት ነው። ልጅ አዋቂው «እትዬ ቆይ» ነበር የሚላቸው። ምንም ነገር ሲጠየቁ ቀድማ ከአፋቸው የምትወጣው ቃል «ቆይ» ነበረች። አንደኛ ደረጃ ሳሉ መምህራቸውንም «ቆይ» ብለው፣ በድፍረት ተቆጥሮባቸው ከሰዓት በኋላ ሙሉ ቆመው ውለዋል። ትምህርት ግን ይወዱ ስለነበር ሁለተኛ ደረጃን አጠናቀው፣ በግብርና ኮሌጅ ሁለት ዓመት ተምረው፣ በአሥራ ዘጠኝ ዓመታቸው ወደ ወይን ተዳፋታችን ተመለሱ፤ አባታችንም የማሳውን ሥራ ለእርሳቸው ሰጧቸው።

ተዳፋቱን የማያውቅ ቀብርተኛ ይኖር ይሆናልና ጥቂት ልናገር። ላይኛው ማሳ ድንጋያማ ነው፤ ነፋስ አያጣውም፤ ወይኑ ትንሽ ግን ጣፋጭ ነው። መካከለኛው ከቀትር ጀምሮ ፀሐይ ይሞቃል። ታችኛው ማሳ ጥቁር አፈር ያለው፣ ሜዳማ፣ ለቤቱ ቅርብ ነው፤ የምንበላውም ከእርሱ ነበር። ነገር ግን ብርድ እንደ ውሃ ቁልቁል ይወርድና እዚያ ይተኛል። ቀድሞ የተከረከመ ወይን ቀድሞ ያቆጠቁጣል፤ ቀድሞ ያቆጠቆጠውን ደግሞ ውርጭ ያገኘዋል። ስለዚህ ክርከማ ከላይ ይጀመራል፤ የታችኛው ማሳ በመጨረሻ ይከረከማል። ይህን እትዬ ቆይ እንደ ዳዊት ይደግሙት ነበር።

በሃያ አራት ዓመታቸው የወይን ጭነት ሹፌር ከነበሩት ከባለቤታቸው ጋር ጋብቻ ፈጸሙ። አማቻችን ከዚያ በፊት ሁለት ዓመት በትዕግሥት ጠይቀዋቸው መልሱ ያው እንደሚታወቀው ነበር። ነፍሳቸውን ይማርና፣ «ሁለት ዓመት ሙሉ ሞተር ሳላጠፋ በር ላይ ጠብቄያታለሁ» እያሉ ያስቁን ነበር። በሃያ ሰባት ዓመታቸው ዛሬ ነርስ የሆነችውን አንድ ልጃቸውን ወለዱ።

ይህን ጽሑፍ የሚያነቡልን ጡረተኛው የሒሳብ መምህር ናቸው፤ እኔ ድምፄን አላምነውም። ከዚህ በታች ያለውን እንዳይዘሉብኝ አደራ ብያቸዋለሁ።

ልጃቸው የተወለደች ጊዜ ምጡ ጠንቶ እትዬ ቆይ ሐኪም ቤት ሦስት ሳምንት ተኙ። እኔ ታናሽ ወንድማቸው የሃያ ሁለት ዓመት ጎረምሳ ነበርሁ፤ ሥራ የማይበረክትልኝ። አባታችን ከዚያ በፊት አንድ በርሜል ጭማቂ አበላሽቼባቸው «ሁለተኛ ብታጠፋ ከዚህ ቤት ትወጣለህ» ብለውኝ ነበር። እኅቴ ስትመለስ አንድ ነገር ተሠርቶ ይቆያት ብዬ፣ አባታችን ዕቃ ሊገዙ በሄዱበት በሁለት ቀን ውስጥ፣ ለቤቱ ቅርብና ለሥራ ምቹ የሆነውን የታችኛውን ማሳ አንድ ግንድ ሳላስቀር ከረከምሁት። ክርከማው ውብ ነበር። ጊዜው ግን አንድ ወር ቀድሟል።

እትዬ ቆይ ሕፃኗን ታቅፈው ከባለቤታቸው መኪና ሲወርዱ ማሳውን አዩት። የተቆረጠውን አንድ ሐረግ ዳበሱ። ከዚያ «ደክመሃል፤ እጅህ ይባረክ» አሉኝ። ከሦስት ሳምንት በኋላ ውርጩ ወረደ። በማለዳ ስንወጣ ለምለሙ ቡቃያ ሁሉ በእሳት የተለበለበ መስሎ ጠቁሯል። ክርከማው የእኅቴ ሥራ ነው ብለው እስከዚያ ያልጠየቁት አባታችን «ማን ነው ይህን ያለጊዜው ያስቆረጠው?» ብለው ሲጠይቁ እኔ አፌን ከፈትሁ። እትዬ ቀደሙኝ። «እኔ ነኝ ያዘዝሁት፣ አባባ» አሉ።

አባታችንም «ኮሌጅ የተማርሽው ይህን ነው?» አሉና ተዳፋቱን ከእኅቴ ቀምተው ለማን ሰጡት? ለእኔ።

ሰባት ዓመት ተዳፋቱን እኔ አዘዝሁበት። እትዬ ቆይ ሕፃን አዝለው ፍራፍሬ ማቀዝቀዣ መጋዘን ውስጥ ሣጥን ያሽጉ ነበር፤ ቅዝቃዜው ጣታቸውን ቆልምሞት ቀርቷል። ሰው «ደግ ወንድም አላት፤ ጥፋቷን ያቃናላታል» ይል ነበር። እውነቱን ልናገር ስል «ቆይ፣ አሁን ብትናገር ያባርሩሃል፤ እኔን ያው ተቆጥተውኛል» ይሉኝ ነበር። እኔም ደስ ብሎኝ ቆየሁ። አባታችን በሞት አልጋ ላይ ሳሉ እንኳ «በስተእርጅና ሰላማቸውን አትንሣቸው» አሉኝ እትዬ፤ ያን ጊዜም ተገላገልሁ። አባታችን ሳያውቁ ሞቱ።

በእነዚያ ሰባት ዓመታት ያለመድኃኒት ርጭት ሥራ ያለ አይመስለኝም ነበር። ሣሩን አቃጠልሁ፤ ነፍሳቱን ጨረስሁ፤ መሬቱን ራቁቱን አስቀረሁት። ዝናብ በመጣ ቁጥር የላይኛው አፈር እየታጠበ ከወንዙ ዳር ተከመረ። አባታችን እንደ ሞቱ የተዳፋቱን ቁልፍ ለእትዬ ስመልስላቸው የሠላሳ አራት ዓመት ሴት ነበሩ። ተዳፋቱን ወጣ ወረድ ብለው አዩት፤ አንድ እፍኝ አፈር አንሥተው አሸተቱ፤ «ቆይ፣ አፈሩ ወረደ እንጂ አልሞተም» አሉ።

ከዚያ አፈሩን በቅርጫት ተሸክመን መለስነው። ሦስት ዓመት ፈጅቷል። በየእርከኑ ድንጋይ ካቡ፤ በየመደዳው መሀል ባቄላ ዘሩ፤ ዳር ዳሩን ዛፍ ተከሉና ወፎች ተመለሱ። ከለቀማ በኋላ በጎች እያስገቡ ሣሩን ያስግጡ፣ ፍግ ያስጥሉ ነበር። አንዱን ማሳ በሌላው ልክ አይለኩትም፤ «ሁሉም የየራሱ ጠባይ አለው፤ ልጆችሽንም እንዲሁ ነው የምታሳድጊያቸው» እያሉ ሠራተኞቹን ያስተምሩ ነበር። ጎረቤቶች መጀመሪያ «ሣር ታለማለች» ብለው ሳቁባቸው። ድርቁ በመጣበት ዓመት ግን ቅጠሉ አረንጓዴ ሆኖ የቆየው የእርሳቸው ተዳፋት ብቻ ስለነበር እነዚያው ጎረቤቶች አጥር ላይ ቆመው ይጠይቋቸው ጀመር። «ቆይ፣ ውሃ ልስጥህና ትጠይቀኛለህ» ይሉ ነበር፤ ቂም አያውቁም።

ቁልፉን ከመለስሁ ወዲህ ባለው ሠላሳ ሰባት ዓመት ውስጥ ላይኛውንና መካከለኛውን ማሳ አብሬያቸው ከርክሜያለሁ። የታችኛውን ግን ለማንም አይሰጡም ነበር። በመጨረሻው ሳምንት ብቻቸውን ይገባሉ፤ እኔ አጥሩ ላይ ተደግፌ አያቸዋለሁ። አንድ ቀንም «ያን ጊዜ» ብለው አላነሡብኝም። ባያነሡብኝ ይበልጥ ያመኝ ነበር።

ባለቤታቸው ከዘጠኝ ዓመት በፊት ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ። እትዬ ቆይ በበኩላቸው ካለፈው ዓመት ጀምሮ በኩላሊት ሕመም ሲሠቃዩ ቆይተዋል። ልጃቸው በሙያዋም በልጅነቷም የሚደረገውን ሁሉ አድርጋለች። በዘንድሮው ክርከማ በመስኮት በኩል ወንበር አስጠግተንላቸው እኔ ስሠራ ያዩኝ ነበር። መካከለኛውን በጨረስሁበት ቀን አስጠሩኝና እጀታው በእጃቸው ልክ የተፋቀውን መቀሳቸውን ከትራስ ሥር አወጡ። «የታችኛው ያንተ ነው» አሉኝ። «አትቸኩል።»

ከዚያ በኋላ አራት ቀን ቆዩ። ባለፈው ማክሰኞ ከቀኑ በዘጠኝ ሰዓት፣ ልጃቸው እጃቸውን እንደያዘች፣ በተወለዱ በሰባ አንድ ዓመታቸው ዐረፉ።

ይህን ሁሉ ለመናገር ፈቃዳቸውን አልጠየቅሁም። ብጠይቃቸው የሚሉኝን አውቀዋለሁ። አባባ ሳይሰሙት ቀሩ፤ እናንተ ግን ስሙልኝ፤ ያን ማሳ ያቃጠልሁት እኔ ነኝ። እኅቴ ጥፋት አልነበረባቸውም።

እትዬ ቆይ የአንድ ሴት ልጅ እናትና የሁለት ልጆች አያት ነበሩ። እኔን፣ አንድ ወንድማቸውን፣ ከእነ ዕዳዬ ትተውኝ ሄደዋል። ብዙ ለጠበቁት እኅታችን ፈጣሪ ሳያስጠብቅ በሩን ይክፈትላቸው፤ ነፍሳቸውን ከደጋጎቹ ጋር ያሳርፍልን፤ ለልጃቸው መጽናናትን ይስጥልን።

ለማስተዛዘን ወደ ቤት ስትመጡ የታችኛው ማሳ ሳይከረከም ታዩታላችሁ፤ ሐረጉ ተንጨብርሮ፣ ባለቤት ያጣ ይመስላል። ችላ ብዬው አይደለም። መቀሱ ኪሴ ውስጥ ነው። ውርጩ ገና አላለፈም፣ እትዬ፤ እየቆየሁ ነው።