አክስትሽን ያጋለጠው ፎቶ

ውድ ሚጣዬ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። ይህን በስልክ ልነግርሽ አስቤ ነበር፤ አንቺ ግን ማልቀስ ከጀመርሽ የሚነግሩሽን አትሰሚም። ስለዚህ ተቀምጠሽ እስከ መጨረሻው አንብቢው።

አያትሽ ሲሞት የቤተሰቡን አልበም ኢንተርኔት ላይ የጫንሽው ለማስታወሻ ነበር። እኔም መርቄሻለሁ። ተጠንቅቀሽም ነበር። አክስትሽ ከባሏ ዱላ አምልጣ ከመጣች ወዲህ፣ ካሜራ ሲወጣ የሰው ሕፃን አቅፋ ፊቷን እንደምትጋርድ ታውቂያለሽ፤ የአሁን ፎቶዋን አንድም አላወጣሽም። የኮረዳነቷን ግን «ማን ይለያታል?» ብለሽ ተውሽው። እኔም ብሆን እተወው ነበር።

ሰሞኑን ስፌት ቤቷ ውስጥ አንዲት ደንበኛ ቀሚስ እየተለካች በስልኳ አነሳቻት።

«እትዬ፣ ተይዘዋል!» አለቻት እየሳቀች። «የሰው ፊት ኢንተርኔት ላይ የሚፈልግ ነገር ስልኬ ላይ ጭኜ ነው። ይቺ ቆንጆ እርስዎ አይደሉም?»

አክስትሽ አየች። ያቺው የአልበሙ ኮረዳ ናት።

«አይደለሁም።»

«ኧረ ይተዉ! ይሄን አፍንጫ ማን ያጣዋል?»

ቀሚሱን እንደ ጀመረችው ጥላ እኔ ዘንድ መጣች። እስከ ዛሬ ከጓዳ አልወጣችም። ያ ባሏ የነበረ ሰው አሁንም እየፈለጋት ነው፤ የድሮ ፎቶዋ ደግሞ በእጁ አለ። በዚያው መንገድ ቢፈልግ፣ ያ ነገር ደንበኛዋ ያነሳቻትንና እዚያው የቀረውን ፎቶ ከነሱቁ ስም ያመጣለታል።

አባትሽ አልበሙን ያስቀመጥሽበትን ድርጅት ጠየቀ። ለካ ሳያስፈቅዱን በፎቶዎቻችን ማሽናቸውን ፊት መለየት አስተምረዋል፤ ደንበኛዋ የጫነችውም የሚሠራው በዚያው ማሽን ነው። «ፎቶዎቹን ማጥፋት ይቻላል፤ የተማረውን ግን ማስረሳት አይቻልም» አሉት። ዕድሜ ልኬን አስተምሬአለሁ፣ ሚጣዬ፤ የተማረውን የማይረሳ ተማሪ ገና አሁን ሰማሁ።

አልበሙን ዛሬውኑ አጥፊው። ለአክስትሽም ደውዪላት። ይቅርታ እየደጋገምሽ አታድክሚያት፤ አንቺን አልተቀየመችም። «ልጅቷ አባቴን ወድዳ ያደረገችው ነው» ብላኛለች። ድምፅሽን ብቻ አሰሚያት።

ትናንት ሻንጣዋን አውጥታ፣ «እማዬ፣ ሌላ ከተማ ልሂድ?» አለችኝ።

«እስከ መቼ?» አልኳት። «ሥራሽም ቤትሽም እዚህ ነው።»

ለፖሊስ አመልክተናል። ከነገ ጀምሮ እሷ ሥራዋን ስትቀጥል እኔ ስፌት ቤቱ በር ላይ ወንበር አውጥቼ እውላለሁ። ዓይኔ ለማንበብ ደክሟል፤ ያንን ሰው ግን ከመንገዱ ማዶ እለየዋለሁ፣ ያለ ማንም ማሽን።

የምትወድሽ
አያትሽ