ከመቃብሩ በፊት የሚመታ ዘንግ

ለባሌ ታላቅ ወንድም፣ ለዋርሳዬ፤

በዚህ የሐዘን ሳምንት እንዴት ሰነበቱ? ጉልበትዎን ለቀቅ አደረገዎት ወይስ ከሐይቁ ብርድ ሲነሳ አሁንም እንቅልፍ ይነሳዎታል? ቡራቡሬዋ ላም በሰላም ወለደች ሲባል ሰምቼ ደስ ብሎኛል። እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ። ሳሉም ተወኝ፤ እንቅልፍ ብቻ ነው እምቢ ያለኝ።

በስልክ ብነግርዎ ይሻል ነበር፤ ግን ረቡዕ ከተለያየን ወዲህ ስልኬን አያነሱም። ግቢው ውስጥ እግሬ እንዳይደርስ ማዘዝዎንም ሰምቻለሁ። ስለዚህ ይህን ወረቀት በሞተረኛው እጅ ልኬልዎታለሁ። እርስዎ አስተማሪ ነበሩና ሳያነቡ እንደማይጥሉት አውቃለሁ። ከፈለጉ ለሽማግሌዎቹም ያንብቡላቸው። በዚህ ቤተሰብ ውስጥ ድምፄን ከፍ አድርጌ ስለማላውቅ በወረቀትም ቢሆን ይስሙኝ።

የአጎታችሁ ልጅ ኦሙጋ ናይሮቢ ሞቶ ነገ ሬሳው ይመጣል። በአገሩ ቤት ያልሠራ ወንድ እንደ መንገደኛ በሜዳ አይቀበርምና ማክሰኞ ዕለት ቤት ሠራችሁለት። ጠዋት ምሰሶው ቆሞ ማታ ግድግዳውና ጣሪያው ላይ ቆርቆሮ ተመታ። እኔም ከሴቶቹ ጋር ውሃ ተሸክሜ፣ የበቆሎ ገንፎ አገንፍቼ፣ ኦሜና የሚባለውን ትንሽ ዓሣ ጠብሼ ነበር። በዚያ ላይ ቅሬታ የለኝም፤ ኦሙጋ ደግ ሰው ነበር፣ ቤት ይገባዋል።

ቅሬታዬ በመብራቱ ነው።

ረቡዕ ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር ደጄ ድረስ መጡ። ወንበር አውጥቼ ተቀመጡ። ያን የመብራት መሥሪያ ቤት ወረቀት ከኮትዎ ኪስ አወጡና፣ «ልጄ ኦጎላ ሽቦውን ዘርግቶ ጨርሷል። አንቺ የኤሌክትሪክ ሥራ ፈቃድ አለሽ፣ ፈርሚ፤ ነገ ቆጣሪውን ያስገቡልናል» አሉኝ። ቤቱን ሳላይ አልፈርምም ብዬ የመብራት መሞከሪያ ቴስተሬን ይዤ ተከተልኳችሁ። በመንገድ ላይ ሽማግሌው አቡቶ «ሴትዮ፣ ፈርሚና ተገላገይ እንጂ! ጋብቻ አይደለም እኮ የምትፈርሚው» እያለ ያስቅ ነበር። ጋብቻማ ቢሆን ይፈታል አልኩት። እርስዎም ሳቁ። ያኔ ገና አልተቆጡም ነበር።

ያየሁትን ልንገርዎ። ሽቦው ምስማር በበሳው ቀዳዳ በቆርቆሮው ግድግዳ ውስጥ አልፏል። የቀዳዳው ጠርዝ እንደ ምላጭ ነው፤ ነፋስ ቆርቆሮውን ባንቀጠቀጠው ቁጥር የሽቦውን ልባስ ይልጠዋል። ሲላጥ ግድግዳው በሙሉ ኤሌክትሪክ ይሆናል። ለዚያ ነው ከቤቱ ጎን የመዳብ ዘንግ መሬት ውስጥ የሚመታው። ኤሌክትሪኩ ሲያመልጥ በዘንጉ ወደ መሬት ወርዶ ብሬከሩን ይጥለዋል፤ መብራቱም በራሱ ይቋረጣል። ዘንግ ከሌለ ግን በሰው በኩል ነው የሚወርደው። በኦሙጋ ቤት ዘንግ የለም።

ኦጎላን ጠየቅሁት። ልጅዎ ምን እንዳለኝ ሰምተዋል፤ «እትዬ፣ መብራቱ የሚቆየው ለቀብሩ ብቻ ነው። ሰውየው እንደሆነ ሞቷል፤ ከዚህ በላይ ምን ይሆናል?» የሚያለቅሱት ግን አልሞቱም አልኩት። ኦጎላ እጁ ቀልጣፋ ልጅ ነው፤ ተምሮ ፈተናውን ቢወስድ ከእኔ የተሻለ ይሆናል። ግን ዘንጉን የተወው ሳያውቅ አይደለም። እርስዎ ስለከለከሉት ነው። «ሬሳ በሚጠበቅበት ግቢ መጀመሪያ የሚቆፈረው መቃብሩ ነው። ከመቃብሩ በፊት ብረት መሬት ከገባ ሌላ ሬሳ ይጠራል» አሉኝ። አባትዎም ይህን ይሉ እንደነበር አስታወሱኝ።

አልዘነጋሁትም። ይህን ከማንም በላይ አልዘነጋሁትም።

ግን ዋርሳዬ፣ ለቤቱ ምሰሶ ጉድጓድ ስትምሱ መሬት አልነበረም? ለናይሮቢ እንግዶች ድንኳን የብረት ካስማ በመዶሻ ስትመቱ ሬሳ የሚጠራው የት ሄዶ ነበር? ይህን ስላችሁ አቡቶ መሬት መሬቱን አየ። እርስዎ ግን ወረቀቱን አጥፈው ኪስዎ ከተቱና ያን ነገር ተናገሩ፤ «ፈቃድሽ የወንድሜ ነው። በወንድሜ መሰላልና በወንድሜ ፒንሳ ያገኘሽው ነው። የቤተሰብ ነገር ለቤተሰብ ይሠራል።»

መሰላሉ የባሌ ነበር፤ አልክድም። የኤሌክትሪክ መጽሐፎቹም የእሱ ነበሩ። እሱ ሲተኛ እኔ በጣቴ ፊደል እየተከተልኩ አነብ ነበር። ከትምህርት ቤት ገና ክፍልፋይ ላይ ሳልደርስ ነው የወጣሁትና ስለ ኤሌክትሪክ ማንበብ ማለት ለእኔ ማንበብን ራሱን መማር ማለት ነበር። እሱ ከሞተ በኋላ ልውረስሽ ብለው ሲመጡ እምቢ ብዬ፣ ልብስ እያጠብኩ፣ ኪሱሙ ከተማ ድረስ እየተመላለስኩ ተፈተንኩ። ፈተናው ላይ የተቀመጠው ባሌ አይደለም። ፈቃዱ ላይ ያለው ስም የእኔ ነው፤ ሰው ሲሞት የሚጠየቀውም ያ ስም ነው።

ስለ ደንቡ ልንገርዎ። ፈቃድ ሲሰጡን የሥነ ምግባር ትምህርት አስተምረውናል። ሌላው የሚሰለቸው እሱን ነበር፤ ሰዎቹ ስለ ሽቦና ስለ ሞተር ነበር መስማት የሚፈልጉት። ያላየኸውን ሥራ አትፈርም ይላል። ዘመድህ ቢሠራውም፣ አለቃህ ቢያዝህም፣ አደገኛውን ደህና ነው አትበል። አደጋ ካየህ ዝም አትበል፣ ለሚመለከተው ተናገር። ጎኔ የተቀመጠው ሰው እያዛጋ «ይህንማ እናቴም ትነግረኛለች» አለኝ። እኔ አላዛጋሁም። ያን መስመር በጣቴ እየተከተልኩ ደግሜ አነበብኩት።

«አልፈርምም» ስልዎት ምን እንዳሉኝ እደግመዋለሁ፣ ሌሎቹም እንዲሰሙት። «አንቺ ስትሞቺ ማን ይቀብርሻል? ቤት አይሠራልሽም፤ እንደ ውሻ አጥር ሥር ትጣያለሽ» ነው ያሉኝ። በዚህ አገር ለባልቴት ከዚህ የከፋ ቃል እንደሌለ እርስዎም እኔም እናውቃለን። ያን ሌሊት ፈርቼ ነበር። ጠዋት ስነሳ ግን ፍርሃቱ አልነበረም። አጥር ሥር ጣሉኝ። አጥሩም የእግዜር መሬት ነው። በሐሰት ፈርሜ በቤት መሃል ከምቀበር፣ እውነት ተናግሬ አጥር ሥር ብተኛ ይሻለኛል።

ከዚያ ወደ ከተማ ሄደው ሌላውን ባለፈቃድ ዌሬን እንዳነጋገሩት አውቃለሁ። ዌሬ ቤቱን ሳያይ ይፈርማል፤ የፍየል ሥጋ ከሸተተው የሰማይንም መብራት ይፈርማል። ስለዚህ ዛሬ ጠዋት ቀድሜ የመብራት መሥሪያ ቤት ሄድኩ። በመስኮቱ በኩል ያለችው ልጅ «እማማ፣ ቅሬታ ነው?» አለችኝ። ቅሬታ አይደለም፣ ማስጠንቀቂያ ነው አልኳት። የቤቱን ቦታና ያየሁትን ሁሉ ተናግሬ ስሜን ጻፍኩ። «የማን ቤት ነው?» ስትለኝ የዘመዶቼ ነው ስላት ቀና ብላ አየችኝ። ዘንግ እስኪመታና እኔ ወይም ሌላ ሰው በዓይኑ አይቶ እስኪፈርም ቆጣሪ አያስገቡም። ይህን ከሰው አፍ ሳይሆን ከእኔ እንዲሰሙት ብዬ ነው የጻፍኩልዎት። ያደረግሁት እኔ ነኝ። ነገም ያው ነገር ቢመጣ አደርገዋለሁ።

አሁን ከሽማግሌዎቹ በፊት ለእርስዎ ሊባል የሚገባው ላይ ደረስኩ። ከዚህ በታች ያለውን ለሽማግሌዎቹ ከማንበብዎ በፊት ለብቻዎ ያንብቡት።

በአባታችሁ ቀብር ዋዜማም ቤቱ ቆርቆሮ ነበር፤ መብራቱን የዘረጋው ባሌ ነው። ማታ ዝናብ ጣለ። ልጅዎ አዶንጎ ባዶ እግሯን ከጭቃው መጥታ ግድግዳውን ተደገፈች። መብራት እንደያዛት ማንም አላጣውም። ግን «ይህ ሁሉ ሰው ቀን ሙሉ ሲደገፈው ለምን እሷን ብቻ?» ተባለ። ከዚያ አዋቂዎቹ ተሰብስበው ምክንያት ፈለጉ፤ ታናሿ ሚስትዎ፣ የአዶንጎ እናት፣ ከትልቋ ሚስት ቀድማ አዲሱ ቤት ገብታለች፣ ቺራ የሚባለውን ደንብ የመጣስ መርገም አምጥታለች፣ መርገሙ ልጇን በላ አሉ። ሴትየዋ ልጇን በቀበረች ማግስት እንስራዋን ተሸክማ ወደ ወንድሞቿ አገር ሄደች። እርስዎ ከደጅ አልሸኟትም።

ለምን እሷን ብቻ እንደሆነ ልንገርዎ። ሌሎቹ የተደገፉት በደረቅ ነው። እሷ የተደገፈችው በዝናብ፣ በጭቃ፣ በባዶ እግር ነው። መርገም የሚባል ነገር አልነበረም። ግድግዳው ነው የገደላት። ባሌ ዘንጉን በብስክሌቱ አምጥቶት ነበር፤ መዶሻውንም አንስቶ ነበር። አንድ ሰው ሮጦ እጁን ያዘው። «አባትህ ምን ይሉ እንደነበር ታውቃለህ፤ ከመቃብሩ በፊት ብረት አይገባም፤ እኔን ለአማቶቼ አትስጠኝ» ያለው ያ ሰው ነው። ባሌ የዋህ ነበር፣ መዶሻውን አስቀመጠው። ከቀብሩ በኋላ፣ ሴትየዋ እንስራዋን ተሸክማ እንደወጣች፣ ማንም ሳያየው ዘንጉን መታው። ከዚያ ወዲህ ያ ግድግዳ ማንንም ነክቶ አያውቅም። ሽማግሌዎቹ ግን «አያችሁ፣ እሷ ስትወጣ መርገሙ ወጣ» አሉ። እኛ ሰምተን ዝም አልን። ባሌ መጠጡን ከዚያ በኋላ ነው የጀመረው፤ እርስዎ ሁልጊዜ ሚስቱ ናት ያበላሸችው ይሉ ነበር። ስለዚያ አልከራከርዎትም።

በየዓመቱ ከመከር በኋላ ወዴት እንደምጠፋ ጠይቀውኝ ያውቃሉ። ኡጌንያ ነው የምሄደው፤ የአዶንጎ እናት ዘንድ። ገበያ ዳር ደረቅ ዓሣ ትሸጣለች። አብሬያት እቀመጣለሁ፣ ዓሣ እለይላታለሁ፣ ፀጉሯን እሠራላታለሁ። «የሙት ባልሽ ዘመዶች የማይጠይቁኝን አንቺ ምን ቆርጦሽ ትጠይቂኛለሽ?» ትለኛለች እየሳቀች። እስካሁን መልስ ሰጥቻት አላውቅም። ትናንት ማታ ግን ሄጄ ነበር። መልሱን ስሰጣት አልሳቀችም። አልጮኸችም፤ አልሰደበችኝምም። የዓሣ ቢላዋዋን ስላ አስቀመጠች። ከዚያ ለቀብሩ ምን ለብሳ እንደምትመጣ ጠየቀችኝ።

እንግዲህ ዋርሳዬ፣ ነገ ንጋት ላይ፣ ሬሳው ሳይደርስ፣ እመጣለሁ። ዘንጉንና መዶሻውን ይዣለሁ። በሌሊት ተደብቄ አልመታውም፤ ፀሐይ ወጥታ፣ ሴቶቹ ምድጃ ላይ ሆነው፣ ሽማግሌዎቹ ወንበራቸው ላይ ሆነው እያዩኝ ነው የምመታው። ሽቦውን ከቆርቆሮው አውጥቼ በቱቦ አስገባዋለሁ፤ ኦጎላ ከፈለገ ይርዳኝ፣ የእጅ ዋጋ አልጠይቅም። ሁሉም በደንቡ ሲሆን ያን ጊዜ እፈርማለሁ፣ ኦሙጋም በብርሃን ያድራል። ካባረሩኝ ደግሞ በፋኖስ ያድራል። ለሟች ሁለቱም አንድ ነው፤ ልጆች ግን ያን ግድግዳ ይደገፋሉ።

ሌላ ሬሳ የሚጠራ ካለ የእኔን ስም ይጥራ። ለጉራ ብዬ አይደለም የምለው፤ ተራዬ ስለሆነ ነው።

ብቻዬን አልመጣም። ከሞተሩ ላይ ከኋላዬ የምትወርደውን ሴት እርስዎ ያውቋታል። በፊት በር ነው የምንገባው። ደጅ ላይ ቆመው «ማን ፈቀደላት?» ብለው ከጠየቁ፣ በዚህ ወረቀት ላይ ስሙን ሳልጽፈው የተውኩትን ያን ሰው በሁላችሁም ፊት በስሙ እጠራዋለሁ። ካልጠየቁም እጠራዋለሁ፤ ፈቃዱ ላይ ያለውም ያው ስም ነው።

ፈጣሪ ጉልበትዎን ያጽናልዎት፤ ጥጃዋን ያሳድግልዎት፤ የኦሙጋን ነፍስ ይማር፤ ከነገ በኋላ እንኳ ብትጠሉኝ በግቢያችሁ የሚጫወቱትን ልጆች ሁሉ ይጠብቅልኝ።

የወንድምዎ ሚስት