አስፋልት ዳር የቀናሁባት ሴት

መዲናዬ፣ አሰላሙ አለይኪ፤ እንደምን ሰነበትሽ? እኔ አልሐምዱሊላህ ጤናዬ ደህና ነው፤ ቅናት ግን ይዞኛል።

ልጄ ረውዳ ኮምቦልቻ ፋብሪካ ከገባች ወዲህ ልጠይቃት ስመጣ ይኸው የመጀመሪያዬ ነው። ትናንት ጠዋት ሳቋን ሰምቼ ወደ ደጅ ወጣሁ። በእግረኛው መንገድና በአስፋልቱ መካከል ባለችው ቀጭን መሬት ተንበርክካ፣ ኩኩ ከምትባል ጎረቤቷ ጋር ቃሪያ ትኮተኩታለች! ደሴ ቧንቧ ውሃ ሰፈር ሳለን፣ ደጃችን መንገድ ዳር የተከልኩትን ጤና አዳም ውሃ አጠጪልኝ ስላት «እማ፣ ሰው ያየኛል» ትለኝ የነበረችው ልጅ፣ እዚህ ባጃጁ ሁሉ እያያት እስከ ክርኗ ጭቃ ሆናለች። የደሴ ብርድ የኔን ተክል ሲያቀጭጨው፣ የኩኩ በሶብላ በዚህ ሙቀት ከጉልበቴ አልፏል። እሱንስ እችለው ነበር።

«ይምጡ እንጂ እናቴ፣ ያግዙን» አለችኝ ኩኩ።

«ቃሪያው ተጠጋግቷል» አልኳት ቆጣ ብዬ።

ረውዳ ደነገጠች። «እማ! መትከል ያስተማረችኝ እኮ እሷ ናት።»

ወላሂ መዲና፣ ይቺ ቃል አንጀቴን አሳረረችው። እኔ ስንት ዓመት ስለምናት! ቀሚሴን ሰብስቤ ከሁለቱ መሃል ቁጭ አልኩና መኮትኮቻውን ከኩኩ እጅ ተቀበልኩ።

የምጽፍባት ፖስት ካርድ ሞላችብኝ። ለባልሽ ለሙንዚር፣ ለልጆቹ፣ ለጎረቤቱ ሁሉ ሰላም በይልኝ። ለጁምዓ እደርሳለሁ ብዬሽ ነበር፤ አትጠብቂኝ። ልጄን ለኩኩ ትቼላት አልመጣም።

ሰዓዳ