ከሰላምታ በፊት ቁጥር

ይድረስ ለምወድህ ወንድም ጋሼ ደቻሳ፤

ለመሆኑ እንዴት ነህ? ወገብህስ እንዴት ነው? እትዬ ዳጪስ፣ ሙሽራዋ ልጃችሁ ሰኚስ እንዴት ሰነበታችሁ? የኮምቦልቻ ሙቀት እንዴት ይዟችኋል? እኛ እዚህ ቦሌ ሚካኤል ሁላችንም አለን፤ ተመስገን። "ደህና ነን" ብዬ እንዳልቀጥል ግን ያቺ ቃል ጉድ ሠርታኛለች፤ የምጽፍልህም ስለ እሷ ነው። በስልክማ "ደህና ነሽ? ደህና ነህ? ጎረቤቱስ?" ስንባባል ካርዱ ያልቅና ዋናው ነገር ሳይነሳ ቻው እንባባላለን።

እንግዲህ እንዳትቆጣ። ካለፈው የካቲት ጀምሮ ቀኝ ትከሻዬ አልንቀሳቀስ ብሎኝ ነበር። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ክንዴን ወደ ላይ አንስቼ ሹሩባ ስሠራ ኖሬ፣ በመጨረሻ ነጠላዬን እንኳ ራሴ ላይ ጣል ማድረግ አቃተኝ። የጸጉር ሳሎኑን ደግፋ የያዘችው አብራኝ የምትሠራው ኣብርሀት ናት፤ እኔ ተቀምጬ ወሬ አደምቃለሁ። አንተ በደወልክ ቁጥር ግን "ፍጹም ደህና ነኝ" እልሃለሁ። የሰኚን የጥር ሠርግ ሹሩባ በእጄ እሠራለሁ ብዬ ቃል ገብቼ፣ ማበጠሪያ ማንሳት አቃተኝ ብዬ እንዴት ልንገርህ? ወደ ኮምቦልቻ እስክትሄዱ ድረስ ከእኔ ሌላ እጅ ጸጉሯን ነክቶት አያውቅም። ይህን ሳስብ እንባዬ ይመጣ ነበር።

ሰኔ ላይ አንዲት ደንበኛዬ፣ ቦሌ መድኃኔዓለም አካባቢ ያለ አንድ ክሊኒክ በቻይና መርፌ ላይ ጥናት እንደሚያካሂድ ነገረችኝ። አኩፓንክቸር ይሉታል። እንደ ጸጉር የቀጠነ መርፌ ቆዳ ላይ እየሰኩ ህመም ያስታግስ እንደሆነ፣ የሰውነትን በሽታ የመከላከል አቅምም ይለውጥ እንደሆነ ያጠናሉ። ሄድኩልህ። ጥናቱን የምትመራው ዶክተር ኣርያም ገና ሠላሳ አምስት ያልሞላት ልጅ ናት። ግማሻችን እውነተኛው መርፌ፣ ግማሻችን ደግሞ ጫፉ ዱልዱም የሆነ፣ ቆዳ የማይወጋ የማስመሰያ መርፌ ይደርሰናል። ለማን የትኛው እንደደረሰ እኛም አናውቅም፣ ውጤቱን የሚመዘግቡትም አያውቁም። ደማችንንም ይቀዳሉ። ዶክተሯ መርፌው ለህመም ትንሽ እንደሚረዳ የሚያሳዩ ጥናቶች እንዳሉ፣ የመከላከል አቅሙን ነገር ግን ገና እንደማታውቀው ነገረችኝ። አላውቅም የሚል ሐኪም ሳይ የመጀመሪያዬ ስለሆነ ወደድኳት።

በሄድን ቁጥር ነርሷ ሰላም ትለናለች፣ ጤናችንን ትጠይቃለች፣ ከዚያ ህመማችን ከዜሮ እስከ አስር ስንት እንደሆነ ንገሩኝ ትላለች። ዜሮ ምንም የለም ማለት ነው፤ አስር ደግሞ አልችለውም። የመጀመሪያ ቀን እንዴት ነዎት ስትለኝ "ተመስገን፣ በጣም ደህና" አልኩ። በጣም ደህና ብዬ ወዲያው ስምንት ልበል? ያሳፍራል እኮ! ሁለት አልኳት። በዱላ እየተደገፉ የገቡት ጋሽ ኃይለኪሮስ ደግሞ ጉልበታቸውን በእጃቸው ይዘው "ዜሮ! ምን ጎደለብኝ!" አሉ። እዚያ የነበርነው ሁሉ እንዲሁ ነን። አባታችን፣ ነፍሱን ይማረውና፣ እግሩ ተሰብሮ ተኝቶ እንኳ ጠያቂ ሲመጣ በኦሮምኛ "ፈያ፣ ፈያ"፣ ደህና ነኝ፣ ይል አልነበር? ደህና ነኝ ያላለ ሰው አምላኩን ያማረረ ይመስለናል።

ሳምንታት ሲያልፉ ከነርሷ ጋር ተላመድንና እውነቱን ማውራት ጀመርን። ጋሽ ኃይለኪሮስ ከዜሮ ስድስት ገቡ፣ እኔም ከሁለት አምስት። ወረቀቱ ላይ ጉድ ፈላ! ደህና ሆነን መጥተን መርፌው ያሳመመን ሆነ። ነሐሴ ላይ ዶክተር ኣርያም ሰብስባን፣ ጥናቱ ሰው እየጎዳ ከሆነ ማቆም ግዴታዋ መሆኑን ፊቷ ጠቁሮ ነገረችን። የሁለት ዓመት ልፋቷ ነው። ከቆመ እኔስ ጥር ላይ በየትኛው ክንዴ ነው ሰኚን የምሠራት?

ተነሳሁና መርፌው ምንም እንዳላደረገን፣ የዋሸነው እኛው መሆናችንን ነገርኳት። ያኔ ሁለት ያልኩት ስምንት እንደነበር፣ ነጠላዬን ኣብርሀት እንደምታለብሰኝ ሁሉ ተናገርኩ። ከዚያ በፊት ለማንም ብዬው አላውቅም። ጋሽ ኃይለኪሮስ ትንሽ አጉረመረሙና የእሳቸውም ዘጠኝ እንደነበር አመኑ። ከዚያማ ክፍሉ በሙሉ እንደ ጨረታ ቁጥር ይጠራ ጀመር! ዶክተሯ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች።

ኋላ የተነገረ ቁጥር የድሮውን መዝገብ አያስተካክልም አለችና፣ የሚመለከተውን ኮሚቴ አስፈቅዳ መስከረም ላይ ከሀ ጀመረች። አሁን በሩ ላይ "ሰላምታ ከቁጥሩ በኋላ" የሚል ወረቀት ተለጥፏል። ነርሷም ዛሬ ጠዋት ምን ማድረግ አቃተዎት ብላ ነው የምትጀምረው። ሰው ሳይሳለም ሲጠይቅህ መጀመሪያ ቅር ይልሃል። ግን ይኼኛው ጥያቄ ለማድበስበስ አይመችም፤ ነጠላው ወይ ራስ ላይ ወጥቷል ወይ አልወጣም።

አሁን ስምንቴ አራት ገብቷል። ባለፈው ቅዳሜ ሁለቴ አርፌ የአንዲት ደንበኛን ሙሉ ጸጉር ሠራሁ፣ ኣብርሀትም እልል አለችልህ። የደረሰኝ እውነተኛው መርፌ ይሁን የማስመሰያው ጥናቱ ሳያልቅ አይነገረኝም፤ በራሱ ጊዜም ተሽሎኝ ሊሆን ይችላል ትላለች ዶክተሯ። የፈለገው ይሁን፣ ክንዴ ተነስቷል። ስለዋሸሁህ ግን ይቅርታ አድርግልኝ፤ ከህመሙ ይልቅ እሱ ከብዶኝ ነበር።

የሙሽራ ሹሩባ ቀላል ስላልሆነ ከሠርጉ ሦስት ቀን ቀድሜ እመጣለሁ፤ እያረፍኩ እሠራዋለሁ። ኣብርሀትንም ይዣት እመጣለሁ። ካቃተኝ አቃተኝ እላለሁ፣ እሷ ትጨርሰዋለች።

ይህን ደብዳቤ ነገ ጠዋት ከላምበረት መናኸሪያ የሚነሳው የኮምቦልቻ አውቶቡስ ሾፌር ካሊድ ያደርስልሃል። መልስህን በእሱ ላክልኝ፣ የወገብህንም ነገር በቁጥር ጻፍልኝ። እትዬ ዳጪን ጉንጯን ሳምልኝ። ለጎረቤቶቻችሁ ሁሉ ሰላምታዬን አድርስ። ሰኚን ደግሞ አክስትሽ አራት ገብታለች በላት፤ እስክመጣ ድረስ ጸጉሯን ማንም እንዳይነካው።

እህትህ ደሪቱ
ቦሌ ሚካኤል፣ አዲስ አበባ
ኅዳር 20 ቀን 2018 ዓ.ም.